ለእናቴ የሣልኩት የጨረር ደብተር

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሐኪሙ የማኅፀን በር ካንሰር እንዳለባትና የጨረር ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ሲነግራት አቀርቅራ ሰማችው፤ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላም አመሰገነችው። ከክፍሉ እንደወጣን ግን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችና «ልጄ፣ አገሬ መልሺኝ። ተቃጥዬ ከምሞት በቤቴ ልሙት» አለችኝ።

ነገሩን ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። በእኛ አገር፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ ሰው ስለዚህ ሕክምና ሲያወራ «በጨረር አከሟት» አይልም፤ «በጨረር አቃጠሏት» ነው የሚለው። እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ የምታውቀው ጨረር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ በበጋ መሬት የሚሰነጥቀው የፀሐይ ጨረር። «ራጅ» ቢሏት ኖሮ አትደነግጥም ነበር፤ ራጅ ሁለት ጊዜ ተነሥታለች፣ አልተሰማትምም። ራጅና ይህ ሕክምና የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን የነገራት ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን በውል አላውቅም ነበር።

እኔ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። የሕክምና ትምህርት የለኝም። የምችለው ነገር ቢኖር መሣል ነው፤ የማዳበሪያ ከረጢት ቀድጄ፣ አጥቤ፣ በእንጨት ወጥሬ የምግብ መፈጨትንና የውኃ ዑደትን ለተማሪዎቼ ስሥል ዓመታት ተቆጥረዋል። የክፍሌ ግድግዳ ሙሉውን ከረጢት ነው። ለክፍል ሙሉ ሕፃናት የምሥለውን ለአንዲት እናቴ መሣል እንዴት ያቅተኛል አልኩና፣ ኮተቤ አክስቴ ቤት ባረፍንበት ሰሞን ከሱቅ ደብተርና እርሳስ ገዝቼ ጀመርኩ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ሕመምተኛ ይዛችሁ ለምትመላለሱ፣ እንዲሁም በሆስፒታል ለሕመምተኞች የማስተማሪያ ሥዕል ለማዘጋጀት ለምታስቡ ባለሙያዎች ነው። ከሣልኳቸው ሥዕሎች መካከል ግማሾቹ ስሕተት ነበሩ። ስሕተታቸውን ያሳዩኝ ደግሞ እናቴና አብረዋት ወንበር ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ ማወቅ ነበረብኝ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሐኪሞቹም ሆኑ የጨረር ባለሙያዎቹ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ሲሮጡ ነው የሚውሉት። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ይህን ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጅማን ጨምሮ በሌሎች ቦታዎችም ተጀምሯል፤ ያም ሆኖ ሕመምተኛውና ማሽኑ ገና አልተመጣጠኑም። ስለዚህ እናቴ በምትታከምበት ቦታ የምትሠራ አንዲት ሲስተር በምሳ ሰዓቷ ዐሥር ደቂቃ እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ሰጠችኝ። ያን ዐሥር ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ማሽኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ሲበራ ብቻ ነው ጨረር የሚያወጣው፤ ሲጠፋ እንደ አምፖል ነው፣ ምንም አይቀርም። ጨረሩ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሲያልፍም አያቃጥልም። እናቴ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ እየመጣች ለ25 ቀን ትታከማለች፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን በደም ሥር ኬሞቴራፒ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ትወስዳለች፤ ከዚያ በኋላ የውስጥ ጨረር የሚባል ይቀጥላል። ለምን በአንድ ቀን አይጨርሱትም? አልኳት። ጤነኛው የሰውነት ክፍል ከአንዱ ቀን እስከ ሌላው ራሱን ይጠግናል፤ ካንሰሩ ግን እንደዚያ መጠገን አይችልም፤ በየቀኑ ትንሽ በትንሹ የሚሰጠው ለዚያ ነው አለችኝ። ይህን ሁሉ በደብተሬ ጀርባ ጻፍኩ።

የሕክምናው ዕቅድ የሚለካበት ቀን እናቴን ሲቲ ስካን ማሽን ላይ አስተኝተው በሆዷና በዳሌዋ ላይ በቀለም ምልክት አደረጉባት። ስትወጣ ምንም አላለችም። ማታ ላይ ግን ጥያቄዋ መጣ። ከጎኗ ተቀምጣ ከነበረች ሴት የሰማችው ነው። «ጥሩ ነገር ከሆነ ለምን እኔን አስተኝተው ሮጠው ይወጣሉ? በሩንስ ለምን ይዘጉብኛል?»

እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባገኘኋቸው ሕመምተኞች ሁሉ ዘንድ ይህን ፍርሃት አይቼዋለሁ። መልሱን ሲስተር ነግራኝ ነበር። ሕመምተኛዋ የምትወስደው ተለክቶ፣ ለእሷ ሕመም፣ ለተወሰነ ቀን ነው። ባለሙያው ግን ከሁሉም ጋር ክፍሉ ውስጥ ቢቆም በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ ለማይፈልገው ሕክምና ሰውነቱን ይሰጣል። ወጥቶም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በካሜራ ያያታል። ይህን በቃል ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች፤ እንዳልገባት ግን ዓይኗ ይናገር ነበር።

ስለዚህ ሣልኩት። በደብተሩ ሁለት ገጽ ላይ ሁለት ክፍል፣ በመካከላቸው ወፍራም ግድግዳ። በግራ እናቴ አልጋ ላይ ተኝታለች፣ ማሽኑ ከበላይዋ ነው። በቀኝ ሁለት ባለሙያዎች ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሴት አልጋ ላይ ተኝታ ትታያለች።

እናቴ ደብተሩን ወደ መብራቱ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሴት በጣቷ ነካቻት።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አዎ እማዬ።»

ጣቷን ግድግዳውን አሻግራ በግራ በኩል ያለችውን ነካች። «ይቺስ?»

«እሷም አንቺ ነሽ። እዚህ ተኝተሽ እዚያ ያዩሻል።»

«እንግዲያ ብቻዬን አይደለሁማ» አለች። ቀጥላም «ብጣራስ ይሰሙኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ጠይቄ ድምፅ እንደሚሰሙ፣ እጅ ከፍ ካደረገችም ማሽኑን አጥፍተው እንደሚገቡ ሰማሁ፤ ማታውን እጇን ከፍ ያደረገች ሴት ጨመርኩበት። ከደብተሩ ሁሉ ሰው እጅ ላይ የቆየውና ጠርዙ የተበላው ያ ገጽ ነው።

ግን እዚያው ገጽ ላይ ስሕተት ነበረብኝ። እናቴ ባለሙያዎቹን አይታ «እነዚህ ሰዎች ክፉዎች ናቸው?» አለችኝ። ለምን? ብላት «ዓይናቸው አንድ ነው» አለች። ወዲያው ገባኝ። ቴሌቪዥኑን ስለሚያዩ ከጎን ነበር የሣልኳቸው፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ደግሞ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ጨካኝ ሰው ነው። እናቴ መጽሐፍ አላነበበችም፣ ሥዕል ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በየእሑዱ አንብባለች። በዚያ ሌሊት ሁሉንም ፊት አጥፍቼ ወደ እኛ አዞርኳቸው። ቴሌቪዥኑ በጎናቸው ሆነ፤ እነሱ ግን ሁለት ሁለት ዓይን ኖራቸው። ሥዕል ቋንቋ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከውጭ የመጣ ሥዕል ጽሑፉ ወደ አማርኛ ስለተመለሰ ብቻ ተተረጎመ ማለት አይደለም።

ሌላው ስሕተቴ የሽንት ፊኛው ነበር። ለዚህ ሕክምና ብዙ ጊዜ ፊኛው እንዲሞላ ይፈለጋል፤ የሞላ ፊኛ አንጀትን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ አንጀቱም ከጨረሩ መንገድ ይርቃል። እኔም እንደ መምህር፣ በሳይንስ መጽሐፍ እንዳለው፣ ሰውነትን ከወገብ እስከ ጭን ለሁለት ሰንጥቄ ከጎን ሣልኩ። ለእናቴ ሳሳያት ፊቷን አዞረች። «ማን ነው ይህን ሰው የቆረጠው?» ራስም እግርም የሌለው ሰው ለእሷ የተቆረጠ ሰው ነው። ሌላ ሣልኩ፤ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ፀጉሯ ሹሩባ እንደተሠራ፣ ሙሉ ሴት ተኝታ፤ በሆዷ ላይ እንደ መስኮት ክብ ከፍቼ ውስጡን ብቻ አሳየሁ። ያን ጊዜ «እህ፣ ይህማ ፊኛ ነው፣ ይህ አንጀት ነው» አለች፤ በሕይወቷ ሙሉ በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን የምታወጣው እሷ ናት። ባዶውን ፊኛና የሞላውን ፊኛ ጎን ለጎን ሳደርግላት አንጀቱ ከፍ ማለቱን እኔ ሳልነግራት አየችው።

በደንብ ቢገባትም ግን በአራተኛው ቀን ፊኛዋ ባዶ ስለነበር ከአልጋው አስነሥተው ወደ ውጭ መለሷት። ሕክምናው የተጀመረው ሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም ሳትቀምስ የምትጾም ሴት ናት፤ ተራዋ ደግሞ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ስጠይቃት ጠጥቻለሁ አለችኝ፤ ብርጭቆውን ግን ያስቀመጠችው ከወንበሩ ሥር ነው። አልተቆጣኋትም። የንስሐ አባታችን ዘንድ ደውዬ ስልኩን ሰጠኋት። እሳቸውም ሕመምተኛ ጾም እንደማይገደድ፣ ውኃውን እንደ መድኃኒት እንድትወስደው ነገሯት። ከዚያ በኋላ በሣልኩት የውኃ ገጽ ላይ ከብርጭቆው አጠገብ መስቀል የያዙ ካህን አሉ። በረመዳን የሚታከሙ ሙስሊም እናቶችና አባቶችም ተመሳሳይ ጭንቀት እንዳለባቸው በኋላ ስለተረዳሁ ለእነሱ በሚሰጠው ቅጂ ላይ ሼህ ሣልኩ። ምን ያህል ውኃ፣ ከስንት ደቂቃ በፊት የሚለው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ከምትታከሙበት ቦታ ጠይቁ፤ እናቴ ሦስት ብርጭቆ ነበር የተባለችው።

ምልክቱም እንዲሁ አንድ ነገር አስተማረኝ። በመጀመሪያው ቅዳሜ እናቴ ጠበል ሄደች፤ ሰኞ ስትመጣ የሆዷ ቀለም ደብዝዞ ነበር። ምልክቱ ማሽኑ በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ እንዲያነጣጥር የሚረዳ ነው፤ ሲጠፋ እንደገና መለካት ይመጣል። የሚያሳዝነው ግን «አትታጠቢው» ተብላ ነበር። ጠበል መጠመቅ ለእሷ መታጠብ አይደለም። እናቴ እንደ ብዙ የጎጃም ሴቶች አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። ሣልኩላት፤ አንገት ላይ ንቅሳት፣ ሆድ ላይ ምልክት። «ይህ የአንቺ ንቅሳት ነው፤ ጨረሩ አንቺን የሚለይበት፣ እስኪያልቅ ድረስ መጥፋት የሌለበት» አልኳት። ከዚያ በኋላ ጠበሉን በጠርሙስ ታስመጣና ትጠጣው፣ ፊቷንም ታብስበት ጀመር። በአንዳንድ ቦታ ምልክቱ የማይለቅ ትንሽ ነጥብ እንደሚሆንም ሰምቻለሁ፤ ያ በእርግጥ ንቅሳት ነው።

በዚህ መካከል ደብተሩ የእናቴ ብቻ መሆኑ ቀረ። መጠበቂያው ላይ ሰው ይሰለቻል፣ ይፈራል፣ ከጎኑ ያለው የያዘውን ያያል። አንድ ከአርሲ የመጡ አባት ደብተሩን ከእናቴ ተቀብለው ገልጠው ገልጠው «የእኔ የታለ?» አሉኝ። የጉሮሮ ሕመም ነበረባቸው፤ ፊታቸው ላይ ጭንብል እንደሚደረግ ተነግሯቸው እታፈናለሁ ብለው ሁለት ሌሊት አልተኙም። ሲስተርን ጠየቅኳት፤ አንዱን አሮጌ ጭንብል አምጥታ በእጄ አስያዘችኝ። ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ፕላስቲክ ነው፤ በሞቀ ውኃ ሲነከር እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፣ ፊት ላይ ሲዘረጋ የፊትን ቅርጽ ይይዛል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይደርቃል። ጭንቅላት እንዳይነቃነቅ ከአልጋው ጋር ይያያዛል። ለአባታችን ወንፊት ሣልኩላቸው፤ ወንፊት ከፊታቸው ፊት፣ ትንፋሻቸው በቀዳዳዎቹ ሲወጣ። አማርኛዬን እምብዛም አልተከተሉትም፤ ልጃቸው በኦሮምኛ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ወንፊቱን አይተው በአፋቸው እፍ አሉ። ገብቷቸዋል።

እዚህ ላይ ለባለሙያዎች አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ሥዕሉን አሳይታችሁ «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። የእኛ ሰው ይሉኝታ አለበት፤ መምህርን ወይም ሐኪምን «አልገባኝም» ማለት ማሳፈር ይመስለዋል። «አዎ» ይላችኋል፣ ያመሰግናችኋል፣ ወጥቶም «አገሬ መልሱኝ» ይላል። እኔ በክፍሌ እንደማደርገው ደብተሩን አስይዤ «እስቲ እማማ፣ ይህ ሥዕል ምን ይላል? ለእኔ ይንገሩኝ» እላቸው ነበር። የሥዕሎቼ ጉድ ሁሉ የተገለጠው በዚህ ነው።

ለምሳሌ ቅቤው። ጨረር ያረፈበት ቆዳ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ አንዳንዴም ይላጣል፤ ሕመምተኛው ሐኪም ያላዘዘለትን ቅባት፣ ሽቶ፣ ቅቤ ባይቀባበት ነው የሚመከረው። እኔም የቅቤ ቅል ሥዬ በላዩ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አደረግሁ፤ የተማረ ሰው ሁሉ «ክልክል» ብሎ ያነበዋል። አንዲት ከወሎ የመጡ እናት ግን «ይህ ቅቤ እንደ እኔ ሆድ ምልክት ተደርጎበታል፤ ምልክቱ ላይ ቀቡት ማለት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሆዳቸው ላይ ያለው ምልክት ልክ እንደዚያ የተጠላለፈ መስመር ነው። በስሕተቴ ቆዳቸውን ላስጎዳ ነበር። ኤክሱን ፋቅኩና መዳፏን ዘርግታ ቅሉን ወደ ኋላ የምትገፋ ሴት ሣልኩ። ያን ያልተረዳ አንድም ሰው አላገኘሁም።

ቀለምም እንዲሁ። ጨረሩን በቀይ ሣልኩት፣ እሳት ነው አሉ። በቢጫ ሣልኩት፣ ፀሐይ ነው አሉ። በመጨረሻ በእርሳስ ነጠብጣብ መስመር ብቻ አደረግሁት፤ አጠገቡም ማብሪያ ማጥፊያ ሣልኩ። ደግሞም የኋላ ኋላ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ቀለም ሁሉ ጥቁር መሆኑ አይቀርም ነበር፤ የሚሣል ሰው ከመጀመሪያው ለፎቶ ኮፒ ቢሥል ይሻላል፤ ወፍራም መስመር፣ በገጽ አንድ ነገር፣ ጥቂት ጽሑፍ።

የማብሪያ ማጥፊያው ሥዕል ሌላም አገልግሎት ሰጠ። እናቴ ከጎኔ የነበረውን የሁለት ዓመት ልጄን ላለመንካት ስትሸሽ አየኋት። ጨረሩ ከእሷ ወደ እሱ እንዳይተላለፍ ነበር ፍርሃቷ። ማብሪያው ተዘግቶ፣ አምፖሉ ጠፍቶ፣ ከሥሩ አያት የልጅ ልጇን አቅፋ የሚያሳይ ገጽ ሣልኩ። እንዲህ ከውጭ በማሽን የሚታከም ሰው ከክፍሉ ሲወጣ በሰውነቱ ውስጥ ጨረር የለም፤ ልጅ ማቀፍ፣ አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት ይችላል። ለታይሮይድ ካንሰር ጨረር ያለው የሚዋጥ አዮዲን የሚወስዱ ሰዎች ጉዳይ የተለየ ስለሆነ ለእነሱ ይህን ሥዕል እንዳላሳይ ሲስተር አስጠንቅቃኛለች፤ እናንተም ልብ በሉት።

በሦስተኛው ሳምንት ተቅማጡ መጣ፣ ሽንቷም ያቃጥላት ጀመር፣ ድካሙም ከበዳት። ይህን ገጽ አስቀድሜ ስላሳየኋት አልደነገጠችም፤ «ይኸው ያልሽው መጣ» ብቻ ነው ያለችኝ። በርበሬና ጥሬ አትክልት ትታ ሩዝ፣ አጥሚት፣ ድንች ትበላ ነበር። ተቅማጡ ሲበዛ ግን ምግብ መቀየር አይበቃም፤ ለሐኪም መንገር ነው። ፀጉሯ ይረግፋል ብላ ስትሰጋ ደግሞ ጨረር ፀጉር የሚያረግፈው ባረፈበት ቦታ ብቻ መሆኑን ነገርኳት።

25 ቀን ለማትቆጥር ሴት ሩቅ ነው። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አምስት በአምስት አድርጌ 25 ሳጥን ሠራሁ። እናቴ እስክሪብቶ መያዝ አትወድም፤ የመሬቷን ደብተር ስትረከብ የፈረመችው በአሻራ ነው። ስለዚህ የማኅተም ቀለም ገዛሁላት። በየቀኑ ከሕክምና ስትወጣ አውራ ጣቷን ነክራ አንድ ሳጥን ላይ ታሳርፋለች። ማሽኑ ለአራት ቀናት ሲቆም ያ ገጽ አዲስ አሻራ ሳያርፍበት ቀረ፤ እሷም በየማታው ገልጣ ታየው ነበር። ቀን መዝለል ጉዳት እንዳለው፣ አጠቃላይ ሕክምናው የውስጥ ጨረሩን ጨምሮ በስምንት ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ እንደሚመረጥ አውቄ ስለነበር እኔ ተጨንቄአለሁ፤ በየጠዋቱ እየሄድኩ እጠይቅ ነበር። እናንተም በራሳችሁ ፈቃድ አንድ ቀን እንኳ አትዝለሉ፤ ለበዓልም፣ ለለቅሶም።

ደብተሩን ሲስተር ለአንድ ሐኪም አሳየችው። ሁለት ነገር አረመኝ። አንደኛው ትንሽ ነበር፤ ማሽኑን ሰውነት የሚነካ አስመስዬ ነበር የሣልኩት፣ አይነካም። ሁለተኛው ከበደኝ። የመጨረሻው ሥዕል ላይ ሴትየዋ ድና እስክስታ ትመታለች። «ይህን አንሺው» አለኝ። ጨረር የሚታዘዝላቸው ሁሉ ለመዳን አይደለም፤ አጥንታቸው ውስጥ የገባን ሕመም ለማስታገስ፣ ደም ለማቆም ለጥቂት ቀን የሚታዘዝላቸው አሉ፤ ያን ሥዕል አይተው ምን ይሰማቸዋል? መልስ አልነበረኝም። አነሣሁት። በቦታው ነጠላዋን ለብሳ በበር የምትወጣ ሴት ሣልኩ።

አሁን ወደማልኮራበት ነገር ልምጣ። የውስጥ ጨረሩን አልሣልኩትም።

ሲስተር ነግራኝ ነበር። በብልት በኩል እስከ ማኅፀን ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ ማሽኑ በቱቦው ውስጥ ጨረር ያላት ትንሽ ነገር ልኮ ለጥቂት ደቂቃ ካቆየ በኋላ መልሶ ያወጣታል። ነገሩን አውቄ፣ ደብተሩም እርሳሱም በእጄ እያለ፣ እናቴን በዚያ ሁኔታ መሣል ነውር ሆነብኝ። «ሌላ ዓይነት ጨረር ነው፣ ትንሽ ይለያል» ብቻ ብዬ ላክኋት። ስትወጣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር፤ በታክሲ ውስጥ አላናገረችኝም። ማታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኝታ እንዲህ አለችኝ፦ «ያን ሁሉ ሣልሽ። ይህን ለምን አልሣልሽልኝም?»

ገና ሁለት ዙር ይቀራት ነበር። በማግሥቱ ከሲስተር ጋር ተቀምጠን ሠራነው። ሴትየዋ በአንሶላ ተሸፍናለች፣ ፊቷ ይታያል፣ አንዲት ሴት ነርስ እጇን ይዛታለች፤ ቱቦው በሌላ ገጽ ለብቻው፣ በእውነተኛ መጠኑ። ማስታገሻ መድኃኒት የሚሰጥበትን መርፌ ሣልን፤ ያም ሆኖ እንደሚያም ሲስተር ስታሳይ በቃሏ ትናገራለች፣ ምክንያቱም ሕመምን የሚደብቅ ሥዕል የቀሩትን ገጾችም ውሸት ያደርጋቸዋል። ይህ ገጽ በመጠበቂያው አይዞርም፤ ሴት ለሴት፣ በር ተዘግቶ ነው የሚታየው። በር ሲዘጋ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ወጣ። በዕድሜ የሚያንሱት ሴቶች ከሕክምናው በኋላ ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት፣ ስለ መድረቅና መጥበብ መጠየቅ ጀመሩ፤ ሲስተር እንዳለችኝ ከዚያ በፊት በአፋቸው የጠየቋት በጣም ጥቂት ናቸው። ለመጥበቡ የሚረዳ መሣሪያና ቅባት አለ፤ ጠይቁ። ወር አበባቸው የሚቋረጥ፣ መውለድ የማይችሉ ወጣት ሴቶችም ይህን ከሕክምናው በፊት ማወቅ አለባቸው።

እንደ መምህርት አንድ ነገር ልጨምር። የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው፤ መነሻው ደግሞ ክትባት የተገኘለት ቫይረስ ነው። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባቱ ሲጀመር ተማሪዎቼን አሰልፌ ነበር፤ «ያመክናል» የሚል ወሬ ሰምተው ልጆቻቸውን ያስቀሩ ወላጆች ነበሩ፣ እኔም ደጋግሜ አልተከራከርኳቸውም። ዛሬ ቢሆን ቤታቸው ድረስ እሄድ ነበር።

እናቴ ለጥምቀት አገሯ ገባች። ክትትሏን እስከ ዛሬ አላቋረጠችም። ደብተሩ ሆስፒታል ቀርቷል፤ ሲስተር ፎቶ ኮፒ እያደረገች ለአዳዲስ ሕመምተኞች ትሰጣለች፣ ለሩቆቹም በቴሌግራም ትልካለች። እናቴ የያዘችው የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው፤ 25 አሻራዎች ያሉበትን።

ባለፈው ክረምት የመንደራችን አንዲት ሴት ተመሳሳይ ሕመም ተገኘባትና እናቴ ቤት መጣች። እኔም ለእረፍት እዚያው ነበርኩ። ቡና ተፈልቶ እናቴ አንዱን ቅጂ ጭኗ ላይ ዘርግታ ገጽ በገጽ ነገረቻት፤ ውኃውን፣ ንቅሳቱን፣ ወንፊቱን እንኳ ሳታስቀር። ሁለቱ ክፍሎች ያሉበት ገጽ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና የሴትየዋን ጣት ይዛ ቴሌቪዥኑ ላይ አሳረፈችው። «ይቺን ታያታለሽ? አንቺ ነሽ» አለቻት። ሴትየዋ ስትነሣ እናቴ ወደ ጓዳ ገባች፤ በጨርቅ የተጠቀለለውን የማኅተም ቀለሟን አውጥታ፣ ክዳኑን ከፍታ አለመድረቁን በጣቷ አየችና ሰጠቻት።